ቴስቶስትሮኔ ለምን ወረደ? መርፌው ያልመለሰው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በተሳቢ መኪና የሚመላለስ ሹፌር «ደክሞኛል» ቢል ማን ይገረማል? ሚሌ ላይ ፍተሻ፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ፣ ከአዋሽ ወዲያ ደግሞ ካቢና ውስጥ የሚያፍን ሙቀት አለ፤ እንቅልፍም በተገኘበት ይሰረቃል እንጂ በሰዓቱ አይተኛም። ስለዚህ ወደ አርባ ዓመቴ ስጠጋ ጉልበቴ እየከዳኝ ሲመጣ እኔም ቤተሰቤም ጓደኞቼም በአንድ ቃል «ሥራው ነው» አልን። ያየኝ ሐኪም ሳይቀር እንዲሁ አለኝ።

ሥራው የማያስረዳቸው ነገሮች ግን ነበሩ። በየሁለት ቀኑ ካልተላጨሁ ፊቴን የሚያሳክከኝ ሰው፣ ሳምንት ብቆይም ጢሜ አልመጣ አለ። ሆዴ ወጣ፤ ክንዴ ሰለለ። ጎማ ስቀይር በአንድ ግፊት ይላቀቅልኝ የነበረ ብሎን ረዳቴን ማስጠራት ጀመረ። የወሲብ ፍላጎቴ ቀስ በቀስ ቀንሶ አንድ ቀን ጭራሽ እንደሌለ አስተዋልኩ፤ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቃ ወንድ ልጅ ሳያስበው የሚቆምበት ነገርም ከቀረ ከርሟል። ከዓይኔ ጀርባ የሚጫነኝ ራስ ምታት ነበር። በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያስቆጣኝ ነገር ራሱ ግድ አይሰጠኝም። እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሮ ያየ ሰው ቢኖር ነገሩ ቶሎ ይገለጥ ነበር። ድካሙን ለአንዱ ሐኪም፣ ራስ ምታቱን ለሌላው ነግሮ የመኝታ ቤቱን ጉዳይ መዋጥ ግን ማንም ሙሉውን እንዳያይ ያደርጋል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ያለባችሁን ሁሉ ጻፉ፤ ለመናገር የምታፍሩበትን ነገር ከሁሉ በላይ ጻፉት። አፍ ሲያቅተው ወረቀቱን መስጠት ይቻላል።

ባለቤቴ መጀመሪያ ዝም አለች። ኋላ አንድ ማታ እራት አቅርባ ሳለ ቀና ሳትል «መንገድ ላይ የያዝካት አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። የለችም አልኳት። አላመነችኝም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ይህን ለሚስቶች ስል እናገራለሁ፤ ወንድ ልጅ ከሚስቱ ሲሸሽ ምክንያቱ ሁልጊዜ ሌላ ሴት አይደለችም። ደም ተመርምሮ የሚገኝ ምክንያት አለ።

ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ሰፈር ያለው መድኃኒት ቤት የሰጠኝ ሰማያዊ ክኒን ሲልደናፊል ነበር። ይህ መድኃኒት ወደ ብልት የሚሄደውን የደም ፍሰት ያግዛል እንጂ ፍላጎት አይፈጥርም፤ ዋናውን የወንድ ሆርሞን ቴስቶስትሮንንም ከፍ አያደርግም። ፍላጎት ለሌለው ሰው ደግሞ ብዙም አይረባም። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ከደረበበት የደም ግፊቱን እስከ ሞት ሊጥለው ይችላል። ከባልደረቦቼ አንዱ በትንንሽ እሽግ የሚሸጥ «የወንዶች ማር» አመጣልኝ፤ ፍጹም ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ ተጽፎበታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ የማር ምርቶችን መርምሮ ሳይገለጽ የተጨመረ ሲልደናፊልና ተመሳሳይ ሥራ ያለው ታዳላፊል አግኝቶባቸዋል። ማሩን ለባልደረባዬ መለስኩለት፤ እስካሁን እንደተቀየመኝ ነው።

ከዚያ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ምሳ በልቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ አድሬ ደም ተቀዳሁ። ውጤቱ ቴስቶስትሮን 1.6 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆነ። ወረቀቱ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ነበረበት። ሐኪሙ ቀስቱን አሳየኝና «ሆርሞን አንሶሃል፤ እንተካልሃለን» አለኝ። በዘይት የተዘጋጀ የቴስቶስትሮን መርፌ ታዘዘልኝ። ለምን እንዳነሰ አልጠየቀም፤ እኔም ስም የተሰጠው በሽታ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

መርፌው ሠርቷል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ከተወጋሁ በኋላ ያሉት ቀናት ብርታት ነበራቸው። ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ብርታቱ ይወርዳል፤ የሚቀጥለው መርፌ ሲቃረብ ጭራሽ የባሰ ሰው እሆናለሁ። ፍላጎቴ እንደሚገባው አልተመለሰም፤ ራስ ምታቱም ከቦታው አልተነቃነቀም። የዘይት መብራት የበራበት መኪና ላይ ዘይት እየጨመሩ፣ ከየት እንደሚያፈስ ሳያዩ ጋላፊ ድረስ መንዳት ነበር የያዝነው።

እዚህ ላይ ስለ ሆርሞኑ ራሱ ኋላ የተረዳሁትን ላስገባ፤ ሳይገባኝ ብዙ ገንዘብ ያወጣሁበት ነገር ነውና።

ቴስቶስትሮን ምን እንደሚሠራ ገበሬው ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቀዋል። ሙክት ስናሞክት የምንፈልገው ስብና ጭምትነት ነው፤ የምናጠፋው ደግሞ ጉልበቱን፣ ቁጣውንና ዘሩን ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. አርኖልድ በርቶልድ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ጎቲንገን ከተማ ውስጥ ይህንኑ በወጣት አውራ ዶሮዎች ላይ ፈተነው። የዘር ፍሬያቸው የወጣባቸው ዶሮዎች ኩክኒያቸው ኮሰሰ፣ መጮህና መደባደብ ተዉ። ፍሬውን መልሶ ሆዳቸው ውስጥ የከተተባቸው ግን እንደማንኛውም አውራ አደጉ። ፍሬው ከቀድሞ ነርቩ ተቆርጦ ሳለ መሥራቱ፣ በደም በኩል የሚላክ አንድ ነገር እንዳለ አመለከተ። ነገሩ ንጥሩ ወጥቶ ስም ያገኘው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው ዓመትም በቤተ ሙከራ ተሠራ።

ወንድ ልጅ በቀን የሚያመርተው ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አብዛኛው ከኮሌስትሮል ተነሥቶ በዘር ፍሬ ውስጥ ባሉ ሌይዲግ በሚባሉ ሴሎች ይሠራል። ሴቶችም ከእንቁልጢያቸውና ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች ያገኙታል፤ መጠኑ ያንሳል እንጂ ለእነሱም የሚያስፈልግ ነው። ገና በማሕፀን ሳለን የወንድ ብልት እንዲቀረጽ ያደርጋል፤ በጉርምስና ድምፅ ያጎረንናል፣ ጢም ያበቅላል። ካደግን በኋላ ደግሞ ጡንቻን፣ የቀይ የደም ሴሎችን ምርት፣ የወሲብ ፍላጎትንና የዘር ምርትን ይጠብቃል። ከፊሉ ወደ ኢስትሮጅን ተለውጦ የወንድን አጥንት ያጠነክራል። ኢስትሮጅን የሴት ብቻ ነው ብላችሁ በክኒን ልታጠፉት የምታስቡ ካላችሁ፣ አጥንታችሁን እያጠፋችሁ ነው።

ፍሬው ግን በራሱ ፈቃድ አይሠራም። አእምሮ ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ በየጊዜው ምልክት ይልካል። ፒቱታሪ ደግሞ ሁለት መልእክተኞች አሉት፤ ኤል ኤች ፍሬውን ቴስቶስትሮን እንዲሠራ ያዘዋል፣ ኤፍ ኤስ ኤች ዘር እንዲያዘጋጅ ያግዘዋል። ደም ውስጥ ቴስቶስትሮን ሲበዛ ከላይ ያሉት ትእዛዛቸውን ይቀንሳሉ። ከዚህ የሚከተለው ነገር ማንም ቀድሞ ያልነገረኝ ነው። ከውጭ በመርፌ ሲገባ አእምሮ «በቂ አለ» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል፣ ፍሬው ሥራ ይፈታል፣ ዘሩ ይጠፋል። ይህ እንደ ሐሜት የሚወራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የፈተነው ሳምንታዊ የቴስቶስትሮን መርፌ ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለውን ነበር፤ ከአብዛኞቹ ተሳታፊዎችም ዘር ጠፍቶ ነበር። እኔና ባለቤቴ ሁለተኛ ልጅ እየፈለግን ሳለ የወሊድ መከላከያ እየተወጋሁ ነበር ማለት ነው። ልጅ የምትፈልጉ፣ ወይም ወደፊት እፈልጋለሁ የምትሉ፣ መርፌውን ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ለሐኪሙ አንሡ። በስፖርት ቤት ለጡንቻ ብላችሁ የምትወጉም እንዲሁ። መርፌው ሲቆም ዘሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ነገሩን የለወጠው ስፖኪዮ ነው።

በስተቀኝ በኩል ያለውን የመኪናዬን ጎን መጫኛ ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አስፋፋቅኩት። በሁለተኛው ጊዜ የነካሁት ቀይ በርሜል ነው፤ በጠራራ ፀሐይ። ረዳቴ ወርዶ አየውና «ጋሼ፣ በርሜሉን አላየኸውም እንዴ?» አለኝ። አላየሁትም። ከዚያ ያስተዋለውን ሁሉ ዘረዘረልኝ። ለወራት ስፖኪዮ ለማየት ዓይኔን ሳይሆን ሙሉ አንገቴን ሳዞር ነበር፤ ከጎን የሚደርቡ ሚኒባሶች ድንገት ከመሬት የበቀሉ ይመስል ያስደነግጡኝ ነበር። ልጁ ይህን ሁሉ ሲያይ ከርሞ በአክብሮት ዝም ብሎኛል። አክብሮቱ ሁለታችንንም ሊገድለን ነበር።

መነጽር ቤት ሄጄ ተመረመርኩ። ግድግዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ ታችኛው መስመር አነበብኩላቸው፤ ዓይንህ ጤነኛ ነው ተባልኩ። እውነታቸውን ነው፤ መሐል ለመሐል አያለሁ። ችግሩ ፊደል የሚያስነብብ ምርመራ ጎንን አለመጠየቁ ነው። የመንጃ ፈቃድ ስናሳድስም የሚጠየቀን ያው ፊደል ነው።

ባለቤቴ ግን በቃኝ አላለችም። የዓይን ስፔሻሊስት ዘንድ ወሰደችኝ። ዶክተሯ ጉልበታችን እስኪነካካ ወንበሯን አስጠግታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ግራ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑ፤ በቀኙ የእኔን አፍንጫ ብቻ ይዩ። ጣቴ ሲታይዎት ይንገሩኝ» አለችኝ። አፍንጫዋን እያየሁ ጠበቅኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማል። «አሁንስ?» አለች። ምንም የለም አልኳት። «አሁንስ?» ባለቤቴ ከኋላዬ ትንፋሿን ስትውጥ ሰማሁ። ጣቱ ብቅ ሲልልኝ ከዶክተሯ ፊት ትይዩ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ለካ ከጆሮዬ ጀምሮ እያወዛወዘችው ነው የመጣችው። ግራውም እንደዚያው ሆነ። የሁለቱም ዓይኖቼ የውጭው ጎን ጠፍቷል።

ጣቷን ዝቅ አድርጋ ከዓይን ሐኪም የማልጠብቀውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «የወሲብ ፍላጎትዎስ እንዴት ነው?»

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፒቱታሪ ዕጢ የምትቀመጠው ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ ሥር ነው። የውጭውን ጎን የሚያሳዩት ክሮች ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ይሻገራሉ። ዕጢዋ ላይ እብጠት በቅሎ ወደ ላይ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጨፈለቁት እነሱ ናቸው። ዶክተሯ መኪና እንዳልነዳ ከልክላ ወደ ሆርሞን ስፔሻሊስት ላከችኝ። ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጠኋት።

የሆርሞን ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «መርፌው ከመጀመሩ በፊት የተሠራ ኤል ኤች አለዎት?» የሚል ነበር። የለኝም። ይህ ለምን ዋጋ እንዳለው አስረዳኝ። ቴስቶስትሮን ወርዶ ኤል ኤች ከፍ ካለ ጥፋቱ ፍሬው ላይ ነው፤ አለቃው ይጮሃል፣ ሠራተኛው አልቻለም። ቴስቶስትሮን ወርዶ ኤል ኤችም ዝቅ ካለ ወይም በመደበኛው ልክ ዝም ካለ ጥፋቱ ከላይ ነው። አንዴ መርፌ ከጀመራችሁ ግን መርፌው ራሱ ኤል ኤችን ስለሚያወርደው ይህ ማስረጃ ይጠፋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ኤል ኤች፣ ኤፍ ኤስ ኤችና ፕሮላክቲን ይሠሩ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ፕሮላክቲን ጡት ለምታጠባ እናት ወተት የሚያመጣ ሆርሞን ነው፤ ወንዶችም ጥቂት አለን። በወንድ ብዙ ጊዜ ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ነው። የእኔ ከ900 በላይ ወጣ። ፕሮላክቲን ሲበዛ የሃይፖታላመስን ምልክት ያፍናል፤ ኤል ኤች ይወርዳል፤ ቴስቶስትሮን ይከተላል። ፍላጎትን በቀጥታም ይጫናል፤ መርፌው ፍላጎቴን ያልመለሰው ለዚህ ነው። ኤም አር አዩ ላይ 18 ሚሊ ሜትር የሚሆን እብጠት ታየ። ስሙ ፕሮላክቲኖማ ነው። ካንሰር አይደለም። ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ10 ሚሊ ሜትር አልፎ ካደገ በኋላ ነው፤ ሴት የወር አበባዋ ሲቀር ወደ ሐኪም ትሄዳለች፣ ወንድ ግን ፍላጎቱ ሲጠፋ ወደ ዝምታ ይገባል።

«ጭንቅላቴ ውስጥ እብጠት አለ» የሚለውን ሲሰማ ዘመድ ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ይሮጣል። አጎቴ ውጭ አገር ሄጄ እንድታከም መሬት ለመሸጥ ተነሥቶ ነበር። የዚህ ዓይነቱ እብጠት ግን አብዛኛውን ጊዜ በክኒን የሚሟሽሽ ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ክኒኑ ሳይሠራ ሲቀር ወይም ሰውነት ሳይስማማው ሲቀር ነው። ክኒኑ ካበርጎሊን ይባላል፤ ብዙ ጊዜ በሩብ ወይም በግማሽ ሚሊ ግራም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጀመራል። በየቀኑ የሚወሰድ ብሮሞክሪፕቲን የተባለ ሌላም አለ። መርፌው ቆመ። ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ኮርቲሶል የተባለው ሰውነት ሕመምን የሚቋቋምበት ሆርሞንና የታይሮይድ ሆርሞኖች ተመረመሩ፤ እብጠቱ የቀረውን ዕጢ ከተጫነ እነዚህም ሊወርዱ ይችላሉና። በተለይ የኮርቲሶል ማነስ ካልታወቀ ሕይወት ያጠፋል።

ስለ ክኒኑ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። እራት በልታችሁ፣ ልትተኙ ስትሉ ውሰዱት። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። ሌሊት ለሽንት ስትነሡ መጀመሪያ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ፤ ድንገት ሲነሡ ግፊት ይወርዳል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ቀርቻለሁ። ሌላው የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ያልጠበቅኩት ነበር። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ ራስን የመቆጣጠር ችግር ያመጣል፤ ቁማር፣ ያለ ልክ መግዛት፣ ከመጠን ያለፈ የወሲብ ፍላጎት። ይህን የነገረው ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ነው፤ ሰውየው ራሱ አያስተውለውምና። እሷም የኳስ ውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ብታገኘኝ ለማን እንደምትደውል ስልኩን ይዛለች። እስካሁን አልደወለችም። ሕመምተኛ የምታስታምሙ ሁሉ ይህን አትርሱ።

ድንገት እጅግ የከፋ ራስ ምታት ከማስታወክና ከዓይን መጋረድ ጋር ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እብጠቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ትልቅ እብጠት በመድኃኒት ሲሟሽሽ ከአፍንጫ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ መንጠባጠብ ከጀመረም ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት።

መጀመሪያ የተመለሰው ዓይኔ ነው። ከሳምንታት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ልጄ ከጎኔ ስትመጣ አንገቴን ሳላዞር አየኋት። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ፕሮላክቲኑ በየምርመራው ወረደ፤ ቴስቶስትሮኑ ግን ተከትሎት ለመነሣት ወራት ወሰደ፤ በመጨረሻ ያለ ምንም መርፌ 4.7 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ደረሰ። ጢሜ ከሁሉም ዘግይቶ መጣ። ለሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም፤ ዕጢው ብዙ ከተጎዳ ፕሮላክቲኑ ተስተካክሎም ቴስቶስትሮን ላይመለስ ይችላል፣ ያኔ መተካቱ ተገቢ ሕክምና ነው። ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅ የዘር ፈሳሽ ምርመራ በየወሩ እያሠሩ መጨነቅ ከንቱ ነው። ባለቤቴ በእኔ ላይ የነበራትን ጥርጣሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው፤ «ይሄን ሁሉ ጊዜ በበርሜል ቀናሁ» አለች። ይቅርታዋ ይኼው ነው፤ ተቀብያለሁ።

ስለ ምርመራው የቀረኝን ልጨምር። ደም የሚቀዳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሳይበሉ፣ ተኝተው አድረው ነው። ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት ዝቅ ይላል፤ ምግብም ያወርደዋል። አንድ ውጤት አይበቃም፤ ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል። ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ላይ ሆናችሁ አትመርመሩ፤ ሕመም በራሱ ያወርደዋል። መለኪያውን እዩ። አንዱ ላቦራቶሪ 3 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ብሎ የሚጽፈውን ሌላው 300 ናኖግራም በዴሲ ሊትር፣ ሦስተኛው 10.4 ናኖሞል በሊትር ይለዋል፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ብዙ ሐኪሞች ማነስ የሚሉት ከዚህ በታች ሲሆን፣ ምልክቱም አብሮ ሲኖር ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የሆርሞን ምርመራን ሊያዛባ ስለሚችል የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጡት ሜቶክሎፕራሚድና ዶምፔሪዶን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሪስፐሪዶንና ሃሎፐሪዶል ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋሉ። እነዚህን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለሐኪሙ ብቻ ንገሩት። ባልደረቦቼ ለወገብ ሕመም እያሉ የሚውጡት ትራማዶልና ኦፒዮይድ የሚባሉት ዘመዶቹ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ቴስቶስትሮንን ያወርዳሉ። እንቅልፍም ቀልድ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ ለአምስት ሰዓታት ብቻ ሲተኙ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል። ጫት እየቃመ ሌሊቱን የሚነዳ ሰው መርፌ ከመፈለጉ በፊት ይተኛ።

መርፌው ጠላት ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ፍሬው በአደጋ የተጎዳ፣ ከጉርምስና በኋላ በያዘው ጆሮ ደግፍ ምክንያት ፍሬው ያበጠበትና የሟሸሸበት፣ ወይም ክላይንፌልተር በሚባለው ሁኔታ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ የተወለደ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ አጥንቱ ይሳሳል፣ ደሙ ያንሳል። እሱም ቢሆን ክትትል ይፈልጋል። ደም ይወፍራል፤ ሄማቶክሪት የሚባለው፣ ቀይ ሴሎች በደም ውስጥ ያላቸው ድርሻ፣ ከ54 በመቶ ካለፈ መርፌው ይቆማል፤ የፕሮስቴት ምርመራም አብሮ ይሄዳል።

ወደ መሪዬ የተመለስኩት የእይታ ስፋት ምርመራው ንጹሕ መሆኑን ዶክተሯ በጽሑፍ ከሰጠችኝ በኋላ ነው። ቅርብ ጊዜ ሚሌ ላይ ሰልፍ ስንጠብቅ አንድ የማውቀው ሹፌር ወደ ካቢናዬ ወጥቶ በሩን ዘጋና መርፌውን በርካሽ የት እንደሚያገኝ ጠየቀኝ። የእኔን ታሪክ ነግሬ ምን ምን መሠራት እንዳለበት ሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፍኩለት። በጠዋት ሄዶ አሠራው። ፕሮላክቲኑ ጤነኛ ነው፤ ዓይኑም ጤነኛ ነው። የተገኘበት ለዓመታት ያላወቀው የስኳር በሽታ ነው፤ ከውፍረት ጋር ሲሆን ቴስቶስትሮን የሚያወርድ አንዱ ይኼ ነው። አሁን የስኳር መድኃኒት ጀምሯል፣ ምግቡን ቀንሷል። ቴስቶስትሮኑን ከወራት በኋላ ደግመን እናየዋለን ብለውታል።